ገጽ ሠላሳ ሁለት

ባቱሚ ላይ ዝናብ ከጀመረ አያባራም፤
መምህርት ጺያላ «ቀጥል» ትላለች፣ «ቫርላም»።
እቀጥላለሁ፣ በስልሳ ሰባት ዓመቴ፣
ጣቴን ከፊደል ሥር ስጎትት እንደ ልጅነቴ፦
«ባሕሩ ትልቅ ነው። ማሰሮው ትንሽ ነው።
ሸክላ ሠሪው ሚኮስ አህያውን ጫነው።»

አርባ ዓመት ክሬን ላይ፣ ከወደቡ በላይ፣
የብረት ሣጥን ሳወጣ ከመርከብ ሆድ ወደ ሰማይ፣
በመርከቦች ግንባር ያን ፊደል ሳየው
የወፍ ዱካ መስሎኝ አልጠየቅሁም ሰው።
የጠየቀችው እሷ ናት፣ ማቅቫላ፣ ሚስቴ፤
ከአሮጌ ዕቃ ተራ፣ በሁለት ላሪ፣ ገዝታው ገባች ከቤቴ።
«ሽፋኑ ሰማያዊ ነው፣ ከመጋረጃው ይገጥማል» አለች፤
በማግሥቱ እርሳስ ቀርጻ መስኮት ሥር ተቀመጠች።

አምስት ቃል በምዕራፍ፣ ከዚያ አጭር ንባብ፤
ያው ሰው፣ ያው ማሰሮ፣ ያው አህያ፣ ያው ወደብ፤
ትናንት በተማርከው ላይ ትንሽ የሚደረብ።
በአንደኛው ምዕራፍ አህያው ይቆማል፣ ብቻ ይቆማል፤
በስድስተኛው ላይ ትናንት ይኖረዋል፤
በአሥረኛው፣ ተመስገን፣ መመኘት ይችላል።

የእሷ እርሳስ ግን ከዚያ አልደረሰም።
ከቃላቱ ሥር መስመር፣ ከዳር ዳሩ ጥያቄ፣
አንድ ቦታ ላይ «ሎሚ፣ ሳሙና፣ የቫርላም ኮት ቁልፍ»፤
እስከ ገጽ ሠላሳ አንድ እንዲህ እንዲህ ሲል ቆይቶ
ሠላሳ ሁለት ነጭ ነው።
ሆስፒታሉም ነጭ ነበር።

እስከዚያች ገጽ ብቻ ብዬ ነበር የተመዘገብሁ፤
የእርሳሷን ዱካ ይዤ፣ መስመሯን ላልፍ አላሰብሁ።
ደረስሁ። ግን አህያው ገና ዳገት ላይ ነበር፤
ጭነቱን ሳያራግፍ ጥዬው እንዴት ልደር?

ምዕራፍ አሥራ ስምንት። ጺያላ ጠመኔ አንሥታ፦
«አንድ አለ፣ ብዙ አለ። የጥንት ግሪኮች ግን በመሐል ቦታ
ለሁለት ብቻ የሆነ ሌላ ቍጥር ነበራቸው፦
ለዓይን፣ ለእጅ፣ ለአንድ ቀንበር በሬ፣ ጥንድ ለሆኑ ለሁላቸው።
‹ኖ› ማለት እኛ ሁለታችን፤ ሦስተኛ ሲመጣ ይፈርሳል።
እየቆየ ሞቷል ይኼ፤ ፈተና ላይም አይመጣም፤ መዝለል ይቻላል።»
የፋርማሲዋ ልጅ ሎንዳ ገጹን ወዲያው ገለጠች።
የእኔ ጣት ከዚያች ቃል ሥር እንደ ተተከለች ቀረች።

የቤት ሥራው እንዲህ ይላል፦ «ወደ ወደቡ እሄዳለሁ»፤
እኔ በ«ኖ» ጀመርሁት። ሳላስብ ነው፣ እምላለሁ።
ጺያላ ቀይ እስክሪብቶዋን እንደ ያዘች ዝም አለችና
«እዚህ ላይ ሰውየው አንድ ነው» አለች፣ ድምጿ ቀጠነና።
ልክ ናት። በላጲስ አጠፋሁት፣ አስተካከልሁ።
ላጲስ ግን ሁሉን አይወስድም፤
ደብተሩን ወደ መብራት ዘንበል ላደረገው
ጎድጓዳው ይነበባል።

በሚቀጥለው ማክሰኞ አሥራ ዘጠኝ እንገባለን።
አህያው ባሕር ያያል ይላሉ።