አራት ጣት

ቁልፉን ሰጠኝ ሌዳሞ፣ ከመቀበያው ጀርባ ቆሞ፣
ስሜን ፊደል በፊደል ከመታወቂያዬ ለቅሞ፤
«እንኳን ደህና መጡ እናቴ። ዘጠኝ ቁጥር፣ ሐይቁን ያያል።»
አላወቀኝም። የጓሮ በር ሰው በፊት በር ሲመጣ ማን ያውቃል?

ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ በጓሮው በር፣
ጥቅል ጨርቅ በጀርባዬ፣ በአንገቴ ላይ ሜትር፤
አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ መጋረጃ፣
ሒሳቤም በጥሬው፣ ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ማስረጃ።
ከልብስ ማጠቢያው ወዲያ አላለፍኩም።

ሐይቁን የማውቀው በአሞራ ገደል በኩል ነው፣ በዓሣ ሽታ፣
በቆሮሶ ቅርፊት፣ በአባ ኮዳ ግፊያ፣ በነጋዴ ጫጫታ፤
ከበረንዳ የሚታየው ሌላ ሐይቅ ይመስለኝ ነበር፣ የጌታ።

የእህቴ ልጅ በፍርዱ ነው ያመጣብኝ ይህን ጣጣ፣
«አንድ ሌሊት እንኳ እንደ ሰው ተኚ» ብሎ፣ ከፍሎልኝ መጣ።
«እንደ ሰው» የምትለዋን ዋጥኳት። ልጅ ነው፣ ለምን ልቆጣ።

በሩን ከፈትኩ። ጫማዬን ላውልቅ? ልተወው?
አልጋው የአንድ ቤተሰብ ነው።
ሰው የሚያየኝ መስሎኝ መጋረጃውን ዘጋሁ፣
በአልጋው ጠርዝ፣ እንደ ሐኪም ቤት ተረኛ፣ ተቀመጥሁ።
ከዚያ እጄ ሄደ። እጅ ከዓይን ይቀድማል፣ ልማድ ነው፤
የአንሶላውን ጠርዝ ዳሰስኩት። የኔ ነው።
ድርብ እጥፍ፣ ጠበቅ ያለ፣ ጥጉ ላይ ሦስቴ የተመለሰ፣
ስንት ገላ የተገላበጠበት፣ በረኪና የጠጣ፣ ያልተበጠሰ።

ቀና ስል መጋረጃው ከወለሉ አራት ጣት አጥሯል።
ደነገጥኩ። ይኼ ጨርቅ ያውቀኛል።
የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት፣ ሐምሌ፣ ምጥ ይዞኝ የቆረጥኩት፣
ወገቤን በአንድ እጄ ደግፌ በሌላው የለካሁት።
ሥራ አስኪያጁ፣ አቶ ንጉሡ፣
«ለእንግዳ ነውር ነው» ብለው የጨርቁን ዋጋ ከሒሳቤ ቀነሱ፤
እንደሰቀሉት ግን ቀረ። ሌላ ማሰፋት ያስወጣል።

የዚያን ሌሊት የወለድኳት አስካል አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳለች፣
ተያይዘን ስንለካካ ከኔ አራት ጣት ትረዝማለች፤
ከጨርቁ የጎደለው እሷ ዘንድ ሄዶ ይሆን? እንጃ።
ለልጅ ቁመት ማን ይጠይቃል ማስረጃ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ወደ ማዶው ተራራ ዘንበል ስትል፣
ክፍሉ ጨልሟል፤ ከመጋረጃው ሥር ግን፣ በዚያች በአራት ጣት በኩል
ሐይቁ ገባ።
ምንጣፉን ተሻግሮ፣ ጫማዬን ነክቶ፣ እየተርገበገበ፣
ጣሪያው ላይ ወጥቶ እንደ ዓሣ መረብ ተዘረጋ፣ ተሰበሰበ።
ስንት ሙሽራ፣ ስንት ሾፌር፣ ስንት ኦዲተር
ይህን አይቶ ሄዶ ይሆን? ማንም አልነገረኝ ነበር።

ሌሊቱ ረዘመ። ፍራሹ ዋጠኝ። ከውኃው ጉማሬ አጓራ፣
ከግድግዳው ማዶ አንድ ሰው በስልክ ስለ ሲሚንቶ አወራ።
መሐረቤን ፈታሁ፣ መርፌዋ አለች፣ ከጥቁር ክር ጋር፣
የትራሱ ጥግ ተተርትሯል፤ ጠቀምኩት፣ በዳሰሳ፣ ሳልቸገር።
ሥራ ነው ያስተኛኝ።

ጠዋት በረንዳ ወጣሁ። ያው ደንገል፣ ያው ታንኳ፣
ያው አባ ኮዳ፣ ራሰ በራው። የጌታ የሚባል ሐይቅ የለም እንኳ።
ጦጣ ከሾላው ወርዳ ዳቦዬን ነጠቀችኝ፣
ቆም ብላ አየችኝ።
በጓሮ ስንቴ የተባረርን ነን፤ እሷ ብቻ አወቀችኝ።

ሌዳሞ ፎጣ አስቆጠረ፣ ሁለት፣ ሙሉ ነው።
«ክፍሉ ጉድለት ነበረው?» አለኝ፣ ቅጽ ሊሞላ ነው።
መጋረጃው አፌ ላይ መጣ። መለስኩት።
«ምንም የለውም» አልኩት።
ሻንጣዬን አነሳሁ፣ ተሰናበትኩት፣ ፊት ለፊቴ ሰፊው በር፤
እግሬ ግን ወደ ጓሮው ዞሮ ነበር።