ሮዝ አንሶላ

ከጣቢያው ጀርባ፣ ላይፕዚግ፣ ትራሙ ከሚዞርበት ጥግ ጋ፣
የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ አለ፣ ምድር ቤት፣ ሲያጓራ የሚያነጋ።
አሥራ አንድ ዓመቴ እዚያ። የፈረቃው አለቃ እኔ፣
አንድ ነጠብጣብ የማያመልጠው ዐይኔ፣
አንድ ሰው የማይምር አፌ።

ስንሻው በመጣ በዘጠነኛው ሌሊት፣
ጓንቱ ለእጁ የሚሰፋ፣ ጀርመንኛው ከ«እሺ»ና ከ«ይቅርታ» ያላለፈበት፣
ከቀዶ ጥገና ክፍል የመጣ ሰባ ሁለት አንሶላ
ከአንዲት ቀይ ካልሲ ጋራ በዘጠና ዲግሪ አፈላ።
ማሽኑ አፉን ሲከፍት ሁላችን ዞርን፤
ሮዝ! የሰርግ ድንኳን የመሰለ፣ እንፋሎቱ ፊታችን ላይ ሲበተን።
የኮሶቮዋ ቭዮሳ ሳቋን በመዳፏ አፈነች፤
ክፍሏ በሙሉ አፌን ጠበቀች።

ቃሉ ተዘጋጅቶ ነበር። እውነቴን ነው።
ምላሴ ሥር ተስሎ፣ እንደ ካራ፣
ሳላስበው የሚወጣ፣ ያደገ ከኔ ጋራ፤
«አንተ ደግሞ ዐይን አለህ?» ብሎ የሚጀምር፣
እናት ነክቶ፣ አገር ነክቶ፣ ሰው ጥሎ የሚያድር ነገር።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።
እዚህ ማቀዝቀዣው ሙሉ ቅቤ ነው፤ አትጠገብን ግን አላሻትም።
አምና፣ በዚሁ ጠረጴዛ፣
የፎጣዋን እጥፋት ጠማማ ነው ብዬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣
«ለዚህ ነው ባልሽ የተወሽ» አልኳት።
አላለቀሰችም። ፎጣውን አጥፋ፣ ጠርዙን ከጠርዙ ገጥማ፣
መደርደሪያው ላይ አኖረችው።
በማግስቱ አልመጣችም። ከዚያም ወዲያ።
ስልኳ ይጠራል። ይጠራል እስካሁን፣ ማታ ማታ ስደውልላት።

ድካም ነው፣ እል ነበር። ሌሊት ነው። ብርድ ነው። አለቃዬ ናት።
ደሞዙ ነው፣ የልጄ ትምህርት ቤት፣ የጀርባዬ አጥንት።
ብዙ በር አንኳኳሁ፣ ጥፋቴን የሚያሳድርልኝ፤
ማንም አልከፈተም፤ ይዤው ቤቴ ገባሁ፣ አብሮኝ በላ፣ አብሮኝ ተኛ፣ ለመደኝ።

እና ያን ሌሊት፣ ሮዙ ክምር ፊት፣ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ።
አንድ። ሁለት። ሦስት። የማሽኑን ጠብታ ቆጠርኩ።
ቀላል አይደለም፤ ማንም አያጨብጭብልኝ፤
ቃሉ ጉሮሮዬን እየቧጠጠ ነው የተመለሰልኝ።
አሥር ላይ ስደርስ ዐይኔ ከልጁ ትከሻ አልፎ ግድግዳው ላይ ዐረፈ፦
ቅርጫቶቹ፣ የነጩ፣ የቀለሙ፣ በላያቸው በጀርመንኛ የተጻፈ።
ማን አነበበለት? ማን «ይህ ለዚህ ነው» አለው?
የማሳየት ሥራ የማን ነበር?
የኔ ነው።

ወይዘሮ ኬስለር ወረደች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ።
«ማነው?» አለች፤ ጣቷ አየር ላይ ስም ፍለጋ ተንጠልጥላ።
«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሳላሳየው ነው ያሠራሁት።»
ጻፈችብኝ። ትጻፍ። ብዕሯን ተቀብዬ ፈረምኩበት።

ከዚያ ወደ ስንሻው ዞርኩ። ምን ይባላል? የደግ ቃል ልምድ የለኝም፤
እንደ አዲስ ጫማ ነው፣ ይቆረቁራል፣ መራመድ አያስችልም።
«ዘጠኝ ሌሊት ሠርተህ አንድ ቀን አላረፈድክም» አልኩት።
«ስታጥፍም አይቻለሁ፤ ማዕዘንህ ከኔ ይሻላል።»
እውነት ነበር። ሽንገላ አልነበረም።
ጆሮው ድረስ ወጥቶ የነበረው ትከሻው
ቀስ ብሎ ወረደ፣ እንደ ሊፍት፣ በየፎቁ እየቆመ።

አንሶላውን በበረኪና ሁለት ጊዜ ዘፈዘፍን።
ጨርሶ አልለቀቀም፤ የንጋት ሰማይ የመሰለ ቀለም ቀረብን።
«ሐኪሞቹ ይለምዱታል» አለች ቭዮሳ፣ አሁን ሳቋን ሳታፍን።

ትራም ላይ ስልኬን አወጣሁ። አትጠገብ።
አልደወልኩም ዛሬ። ጻፍኩላት፦
«ያን ቀን ያልኩሽ ስለ አንቺ አልነበረም፤ ስለ እኔ ነው።
እጥፋትሽ ቀጥ ያለ ነበር።»
ላክኩት። ከአፍ የወጣ አፋፍ፣ ይላሉ፤
ይህም እንግዲህ ወጥቷል፣ ይሂድ አፋፍ ለአፋፍ፣
ያግኛት አያግኛት እንጃ።
ትራሙ ዞረ። በረዶው ላይ መብራት ተኝቷል።
አፌን በሻርፔ ጠረግኩ፣
ምንም ሳልበላ።