ሆድ ያልፈጀው

ሐይቁ ድንጋይ ሆኗል፤ ጥር ነው በፊንላንድ።
አርቮ በመሰርሰሪያው በረዶውን አንድ ክንድ
በስቶ፣ ባልዲውን ደፍቶ፣
ተቀምጧል ከቀዳዳው አፍ፣ ክሩን ወደ ታች ዘርግቶ።

ከማዶ የወረቀት ፋብሪካው ያጨሳል፤
አርባ ዓመት ያገለገለበት።
ነፋስ ሲዞር ሽታው እዚህ ድረስ ይደርሳል።
«የደሞዝ ሽታ ነው» ይላል ያገሬው ሰው፣
አፍንጫውን ሳይዝ፣ እንደለመደው።

ልጁ ቱሊኪ ከጎኑ ተንበርክካለች፤
ጓንቷን በጥርሷ አውልቃ፣ ስለት ይዛለች።

በመስከረም ጠርሙስ ተልኮ ነበር፤
ውሃው ተመረመረ፣ «ንጹሕ» ተባለ።
ውሃ ምን ያውቃል?
ትናንት የጠጣውን ዛሬ ይረሳል፤
መርዙም የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል።
ዓሣ ግን ይውጣል፣ ይችላል፤
አፍ የለው፣ ዳኛ የለው፣
የደረሰበትን ሁሉ «ሆድ ይፍጀው» ይላል።

ሆዱም ለመፍጀት ይታገላል እንጂ!
ከጉበቱ ጓዳ፣ ዓይን ከማያየው፣
ኢንዛይም የሚሉት ዘብ አለው፤
ባዕድ በገባ ቁጥር ዘቡ ይበዛል፤
አሥሩ መቶ ይሆናል፣
ሊቆራርጥ፣ ሊያቃጥል፣ ሊያስወጣ።
እኛም ዘቡን እንቆጥራለን፣
ጠላት ከጥሻው ባይወጣ።

ቀደደችው።
ባቄላ የምታህለውን ጉበት
ጢስ ከሚተፋው ፈሳሽ ናይትሮጅን ከተተችው፣
በጥድፊያ፤
ምስክር ከሞት በኋላ ቃሉን ይለውጣላ።

«ታሞ ነበር እንዴ?» አለ አባቷ።
«ጤነኛ ይመስላል» አለች፣
ዓሣውን ሳይሆን እሱን እያየች።

ማክሰኞ፣ ላብራቶሪው ጨለማ ውስጥ፣
ከላይኛው ሐይቅ የመጣው ናሙና ደብዝዞ ቀረ።
የአባቷ ቀዳዳ ግን
እንደ ሕፃን ድድ ሮዝ ሆኖ በራ።
ስምንት እጥፍ።
ዕቃውን አጠበች፣ ደግማ ለካች።
ስምንት እጥፍ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንላለን እኛ፤
በዚያ ብርድ ዘንዶ አይኖርም፣
የወጣው አንድ ቁጥር ነው፤
እሱም አይናደፍም፣ አያፏጭም፣
ሰው ካላነበበው።

ማታ አትማ አመጣችለት።
አርቮ መነጽሩን ፈልጎ አጠለቀ፤
ወረቀቱን ወደ አምፖሉ አነሳ፣
በጽሑፉ መሐል የውሃ ምልክቱን አየ፣
ቁጥሩን ዘሎ
ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና፦
«የእኛ ነው» አለ።
«የሦስተኛው ማሽን።»