ጥያቄ ሰባት

ቅጽ ሦስት፣ ጥያቄ ሰባት፦ «ሲመሽ ደኅንነት ይሰማዎታል?»
ጋሽ ተድባቡ ሳቁ። «ልጄ፣ ወረቀትሽ ስንት ዓይነት መልስ ይዟል?»
«አዎ፣ አይ፣ አላውቅም» አልኳቸው።
ዝም አሉ። ቀና ብለው አዩት፣ አዲሱን መብራት፣ ከደጃቸው።

«ሠላሳ ዓመት ካዛንቺስን ዱላ ይዤ ስዞር በሌት፣
ካቦርቴን ደርቤ፣ ፊሽካዬ ተንጠልጥላ ባንገት፣
ማን ሰክሮ እንደገባ በሳሉ ነበር የምለየው፤
የማንን ቆርቆሮ ንፋስ እንዳንኳኳው፣ የማንን ሰው።
ሌባውን እንኳ በእናቱ ስም ነበር የምጠራው።
አፍሮ ይመለሳል።»

እጽፋለሁ። ከኋላችን ኤክስካቫተር ያጓራል፤
የእትዬ አልጣሽ ጓዳ፣ ሰማያዊ ቀለሙ፣ ለአስፋልት ተገልጧል፤
ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ፣ የካቲት ላይ ቆሟል።

«አሁንማ ያ ምሰሶ አለ፣ ዓይኑ የማይከደን፣
ሳያንጎላጅ ያየናል፣ ሌቱንም ቀኑን።
ያየናል። ግን ልጄ፣ ያውቀናል እንዴ?
ብወድቅ፣ ተድባቡ! ብሎ ይጮሃል አንዴ?»

ካርታዬን ዘረጋሁ። የብስክሌት መስመር፣ የእግረኛ፣
ቱቦው ከሥር፣ ገመዱ ከሥር፣ ሁሉም በወግ የተኛ።
ያምራል፣ አልዋሽም፤ የጭቃ ጠበቃ አይደለሁም፤
ላስራ አንድ ቤት አንድ ሽንት ቤት፣ እሱን አልናፍቅም።
ግን ፊሽካዋ የት ትግባ?
ለፊሽካ ምልክት የለኝም።

«ዕጣዬ ገላን ነው» አሉ፣ «አራተኛ ፎቅ።
እዚያ ማንን ልጠብቅ?»

ጥያቄ ሰባትን ባዶ ትቼ ቅጹን አጠፍኩት።
እሳቸው ፊሽካዋን አንዴ ነፏት፣
እንዲያው፣ ለእኔ ለማሳየት።
ካላፊ አግዳሚው የዞረ የለም።
አንድ ቡችላ ብቻ፣ ከፍርስራሹ ብድግ ብሎ፣
መጣ፣
አቧራውን አራግፎ።