ከኩላሊት በላይ

ሰሊጥ መዛኝ ነበር ገንዳ ውኃ ገበያ፣
ሚዛኑ የማይዋሽ፣ ቃሉ እንደ ማሰሪያ።
ሽባባው ይባላል። ጎንደር የወጣው ከቆላ
ሚስቱን ተደግፎ፣ በጃንጥላ ጥላ።
ኩንታል ሲያነሳ የኖረው ትከሻ
የሐኪም ቤት አንሶላ ከበደው መጨረሻ።
ሚዛን ላይ ሳላወጣው «አርባ አራት» አለኝ።
ወጣ። አርባ አራት ሆነ።

«ፀሐይ ነው» አለችኝ እንጉዳይ ሚስቱ፣
«ያከሰለው ፀሐይ፣ የመተማ ሙቀቱ።»
አመንኳት። ቆላ የከረመ ሰው ቢጠቁር
ማን ሐኪም ይደነቃል፣ ማን ቁጭ ብሎ ይመርምር?
ግን የመዳፉ መስመር፣ ፀሐይ የማትደርስበት፣
ድዱም፣ የከንፈሩም ውስጥ፣ ቀለም ተደፍቶበት
ነበር። አላየሁም። አይቼም አላየሁ።
ውጭ ወረፋ አለ። ደረቱን አዳመጥኩ፣ ሳሉን ብቻ ሰማሁ።

አክታው ተመርምሮ ቲቢ ነው ተባለ፤
ደስ አለኝ (ይቅር በለኝ) የታወቀ ስም ስላለ።
ቀዩን ክኒን ጻፍኩ፣ ሽንት የሚያቀላውን፣
ስድስት ወር ቆጥሬ ሸኘሁት ሰውየውን።

በዘጠነኛው ሌሊት ከአዘዞ በባጃጅ
ጭና አመጣችው።
እጁ በረዶ። ትውከት። የደም ግፊቱ ስድሳ፤
የታችኛው አይሰማም።
ፈሳሽ ከፈትንለት፣ አንድ ከረጢት፣ ሁለት፣ ሦስት፤
እንደ በጋ አንገረብ አሸዋው መጠጠው።
ኢንፌክሽን ነው አልን፣ መርፌ ጨመርን።
ልብ ነው አልን፣ ልቡን በአልትራሳውንድ አየን።
ኩላሊት ነው አልን፤ ሁለቱም ደህና ናቸው።
ሶዲየሙ ወርዷል፣ ፖታሲየሙ ወጥቷል፤
ወረቀቱ ላይ አሉ፣ ማን ያንብባቸው።

እንጉዳይ ከአልጋው ግርጌ ነጠላዋን አጣፍታ፣
«ልብና ኩላሊት መርማሪው እሱ ነው» አለች በዝግታ።
እሷ ወደ ላይ ታያለች፣
እኔ ወደ ስክሪኑ።

አሥር ሰዓት ላይ፣ ሲስተር አጉማስ አንሶላ ስትቀይር
ከትራሱ ሥር ቋጠሮ አገኘች። ፈታችው።
የጨው ድንጋይ፣
መሃሉ የጎደጎደ፣ በምላስ ልክ።
«ይሄ ምንድን ነው?»
ሚስቱ አፈረች። «ከከብቶቹ ፊት እየሰረቀ ይልሳል።
ዓመት ሊሆነው ነው። ስከለክለው ይደብቃል።
ለሰው እንዳትነግሩብኝ።»

ጨው ለራሱ ሲል ይጣፍጥ ይባላል፤
ይሄኛው ለሽባባው ምስክር ቆመ።

መብራት አስበራሁ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋሁ።
በዚያ ጥቁር መስመር የዘለልኩትን ፊደል አነበብኩ፦
ከኩላሊት በላይ እንደ ቆብ የተደፉ
ሁለት ትንንሽ እጢዎች፣ ማንም ስማቸውን የማይጠራ፣
ሰውን በእግሩ የሚያቆሙ። ቲቢው በልቷቸዋል።
በቀረችው ጠብታ ይኖር ነበር፣ እስከኔ ድረስ።
ያችኑ ጠብታ
የኔ ቀይ ክኒን ጨረሰበት።

ሀይድሮኮርቲዞን። መቶ ሚሊግራም። ፋርማሲው የለውም።
ከድንገተኛ ክፍል፣ ለአስም ከተቀመጠው ተበደርን።
በደም ሥሩ ገባ። ተቀመጥን።
በአደባባይ ኢየሱስ በኩል ደወል ሲሰማ
ግፊቱ ሰማንያ፣ ቆይቶም ዘጠና።
ሽባባው ዓይኑን ገለጠ፣ ዙሪያውን አየና
«ጨዬን ማን ወሰደብኝ?» አለ።
አጉማስ ሳቀች። እኔ አልቻልኩም።

ቀዩን አልተውነውም፤ ነጩን ግን አጠፍንለት፣
እስከ ዕድሜ ልኩ በየቀኑ እንዲውጥለት።
«ትኩሳት ሲይዝህ ጨምር፣ አንድም ቀን አታጉድል»
ስለው፣ «ማጉደልማ ነውር ነው» አለኝ የሚዛኑ ባል።
ገንዳ ውኃ ክኒኑ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን
እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልነገርኩት ያን ቀን።

አሁን በሽተኛ ሲገባ፣ ስሙን ሳልጠይቅ
እጁን ተቀብዬ መዳፉን እገልጣለሁ።
ሰላምታ ይመስለዋል።
ይሁን።