የማን ጧት?

ደሴ ሆስፒታል፣ ተራ ቁጥር አርባ ሁለት፤
ሲስተር ውዴ ጠየቀችኝ፣ ብዕሯን አንስታ ከወረቀት፦
«ቤተሰብ ውስጥ ስኳር አለ?»
ሳቄ መጣ። ምን ልበላት?
በእኛ ቤት ስኳር ቢኖር ኖሮ
ማን ይወርድ ነበር ባቲ፣ በሰባ ሰባት?

አባቴ ሙሄም ቀጭን፣ እናቴም ቀጭን ነበሩ፤
ሁለቱም ሳይወፍሩ፣ ሁለቱም ሳያረጁ ቀሩ።
ስኳር አላወረሱኝም።
ያወረሱኝ አንድ ሰልፍ ነው፣
ከድንኳኑ በር እስከ ጉድባው የተጠማዘዘ፤
እኔ እናቴ ጀርባ ላይ፣
ጉልበቷ በእኔ ክብደት የፈዘዘ።

ያኔ ክንዴን ለኩት፣ ባለ ቀለም ጥብጣብ አዙረው፤
ቀይ ላይ ካረፈ ወተት፣ ቢጫ ላይ ካረፈ «ነገ ነው»።
እኔ ቀይ ነበርኩ። ዕድለኛ።
ወንድሜ እንድሪስ ቢጫ ነበር።
ስለ ነገው አልናገርም።

ዛሬም ያንኑ ክንድ ሲስተር ውዴ በጨርቅ አሰረች፤
ነፋችው፣ አስጨነቀችው፣ ቁጥር አየች፣ ዝም አለች።
ወገቤንም ለካች፣ ልክ እንደ ልብስ ሰፊ፦
«ክብደትሽ ሆድሽ ላይ ነው፤ ተይ ጦይባ፣ እረፊ።»
እንዴት ላስረዳት? ሆዴ ጎተራ ነው፣ እምነት ያጣ፤
በሁለት ዓመቱ ባዶ አድሮ፣ ያ ዘመን ዳግም ቢመጣ ብሎ
ያገኘውን ሁሉ ቆልፎ፣ ቁልፉን የዋጠ።
«አሁን እኮ ጠግበናል» ብለው ጆሮ አልሰጠ።

ሀያ ሁለት ዓመት ኮምቦልቻ፣ ፈትል ክፍል፣ ሦስተኛ ፈረቃ።
ሐረጎ ላይ ጉም ሲተኛ፣ እኔ የተበጠሰ ክር ስቀጥል፤
ቦርከና እንኳ ከድልድዩ ሥር ድምፁን ቀንሶ ሲያንቀላፋ፣
የእኔ ማሽን ያጓራል፣ ጥጡን ባየር ላይ እየተፋ።
ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ደወል፦ ዳቦ፣ ሻይ፣ ስኳር አራት ማንኪያ፤
አምስተኛውን ዘምዘም ትጨምራለች፣ «ይሄ ደሞ ለመንቂያ»።
ጉበቴ ተኝቶ ነበር። አንኳኳሁበት።
«ማነው በዚህ ሰዓት?» አለኝ፤
«የመሸበት እንግዳ» አልኩት።
ተነሣ። ወሎዬ ነውና እንግዳ አይመልስም።
ግን ሀያ ሁለት ዓመት ሙሉ
«አንተስ መቼ ትተኛለህ?» ብዬው አላውቅም።

ሱብሂ ሲባል እወጣለሁ፤ ብርሃኑ ዐይኔ ውስጥ አሸዋ።
መስኮቴን በሻርፕ ጋርጄ፣ ከባጃጁ ጡሩምባ፣ ከጎረቤቴ ዋይዋይታ
እንቅልፌን ቁራጭ በቁራጭ፣
እንደ ክፉ ብድር እሰበስባለሁ እስከ ማታ።

«ቆሽቷ አረረ» ሲባል፣ የሐሜት ቃል ይመስለኝ ነበር፤
ሲስተር ውዴ ሥዕል አሳየችኝ፦ ከጨጓራ ኋላ፣ ጣት የሚያህል ነገር።
«ይሄ ነው ቆሽት፤ ደክሞታል» አለች።
ያገሬ ሰው ለካ፣ ደም ሳይቀዳ ያውቅ ኖሯል።

«ሌሊት አትብዪ» አለችኝ። ቀኔ ሌሊት ነው፣ እህቴ።
«ኪኒኑን ጧትና ማታ።»
የማን ጧት? የማን ማታ?
ዶሮ ሲጮህ ነው የምተኛው፣ ሰው ሲተኛ ነው ምሳዬ፤
በየትኛው ፀሐይ ልቁጠር?
ብዕሯ ቆመ።
«እኔም የሌሊት ተረኛ ነበርኩ» አለች፣ ዐይኗን እያሸች።
መሳቢያዋ ገርበብ ብሏል፤
ውስጡ ግማሽ ብስኩት፣
አጠገቡ የከረሜላ ልጣጭ።
ሁለታችንም አላየንም።

ደብዳቤ ጻፈችልኝ፣ ወደ ቀን ፈረቃ እንድዛወር።
አቶ አሳልፈው አነበበው፣ ከሻይ ብርጭቆው ሥር አኖረው፦
«ሰልፍ አለ፣ ጦይባ። ከፊትሽ አሥራ ሰባት ሴት።»
ሰልፍ አውቃለሁ፣ አልኩት።
ምን እንዳልኩ አልገባውም።

ትናንት የእረፍቴ ሌሊት ነበር። ልክ ሰባት ሰዓት ላይ
ገላዬ ብቻዋን ነቃች፤
ክንዷን ዘረጋች በጨለማ፣ ጥብጣብ እንደሚጠብቅ ልጅ።
«አብሽሪ» አልኳት፣ «ተኚ፤ ማንም የለም፤
ድንኳኑ ተነቅሏል፣ ሰልፉ ተበትኗል።»
አልሰማችኝም።
ቀይ ናት እንደሁ፣ ቢጫም እንደሁ፣
ቀለም በጨለማ አይታይም።