ማጎንበስ

ትሪየስቴ ከተማ ነፋስ ስም አለው፤
«ቦራ» ነው የሚሉት፣ ሰው የሚያንገዳግደው።
ሲበረታ ጊዜ ገመድ ይወጥራሉ፣
አዛውንት ይዘውት መንገድ ይሻገራሉ።
እኔ ግን በዚያ ቀን የያዝኩት ገመድ
ጫፉ ላይ ውሻ አለች፣ እምቢ ያለች መሄድ።

ብሩማ ትባላለች፤ ጉም ማለት ነው ስሟ፤
አንድ ጆሮዋ እጥፍ፣ አመድማ ቀለሟ።
ግማሽ መስመር ሆነ መዝገብ ላይ ታሪኳ፤
ቀሪው የሚነበብ ከጭራዋ ከመልኳ።

«ነይ» አልኳት፤ ቆመች። «ነይ እንጂ» ጨመርኩ፤
በጣሊያንኛ ደግሞ ጮክ ብዬ ሞከርኩ።
ገመዱን ስስበው አስፋልቱን ቧጠጠች፣
ሆዷን መሬት ሰጥታ እዚያው ተነጠፈች።

ኒቬስ ናት ያየችን፣ የፎቁ ጎረቤት፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትራም የነዳች ሴት።
ኮረብታ የሚወጣ ትራም ስትነዳ
ፍሬን በድንገት ሲያዝ ታውቃለች ሰው እንዴት እንደሚጎዳ።
በመስኮት አልጮኸችም፤ ወረደች በዝግታ፤
በግማሽ ክብ መጣች፣ ጎኗን ወደኛ ሰጥታ።
ውሻዋን አላየችም። ባሕሩን ነው ያየች።
ዓይኗን ከደን አርጋ፣ ቀስ ብላ አዛጋች።
ብሩማም አዛጋች።

«ምላስህ» አለችኝ፣ «‹ነይ› ሲላት በቃል፣
ትከሻህ ከላይ ሆኖ ‹ሂጂልኝ› ይላታል።
ደረትህ ግድግዳ፣ ዓይንህ ምስማር ሆኖ
ማን ይመጣል ወዳንተ፣ በምን ልቡ አምኖ?
ዞር በል፣ ጎንህን ስጣት፤ ትንፋሽህን አውጣ፤
ገመዱ ይላላ፤ ሲመቻት እሷው ትምጣ።
ቸኩሎ የነዳ ትራም አንድ ሰው ነበረ፤
የዳቦ ቤት ግድግዳ ሰብሮ ገብቶ አደረ።»

ተማርኩ። ከኒቬስ አይደለም፤ ከብሩማ ጆሮ፣
ስቆጣ ወደኋላ፣ ስረጋ ወደፊት ከሚመጣው ዞሮ።
ጠዋት ጠዋት ወጣን የወደቡ ድንጋይ ላይ፤
ስዞር አብራ ዞረች፣ ስቆም ቆማ ስታይ።

አንድ ቀን
የጫማዬ ክር ተፈታ።
ጎንበስ አልኩ።

መሬት ገባች። ጭራዋ ሆዷ ሥር፣
ዓይኗ ነጩ ብቻ፣ ቆዳዋ ሲንቀጠቀጥ እንደ ክር።

ማንም አልመታትም። ድንጋይም አልያዝኩ።
ግን ያንን ድንጋጤ ከሩቅ አስታወስኩ፦
ደሴ፣ የፒያሳው ቁልቁለት፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣
ደብተር ብብታችን ሥር፣ እጃችን መሬት ሲደርስ፣
ድንጋይ ባይኖር እንኳ፣ አፈር ብንዘግን፣
ማጎንበስ ይበቃል። ይሸሻል። እንስቃለን።
ያገሬ ውሻ ሁሉ ያውቃታል ያቺን ጎንበስ፤
ገና ጥርስ ሳያወጣ፣ ገና ወተት ሲልስ።

ይህቺ ግን በሌላ ሰማይ የተወለደች
በማን ቋንቋ ተማረች? እንዴት እኔን ለየች?
ለካ ድንጋይ አገር የለው፤
ለካ ክንድ አስተርጓሚ አያሻው።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው፣ እዚያው ደረጃ ላይ፣
የታሰረ ክሬን እፈታለሁ።
ጀርባዬን ሰጥቻት፣ ወደ ባሕሩ ዞሬ፣
እንደምትጠልቅ ጀንበር ወርጄ በጉልበቴ፣
እንደገና አስራለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ገመዱ እስከሚያደርሳት ራቀች።
በሁለተኛው ተቀመጠች።
በሦስተኛው ዝናብ ነበር፤ ሥራ ረፍዶብኝ
ገመዱን መነጨቅሁት፤
ስንት ቀን የለቀምነውን ባንዲት ቅጽበት በተንኩት።
እንደገና ከአንድ።
እንደገና ጀርባዬ፣ እንደገና ባሕሩ፣ እንደገና ክሩ።

መጋቢት ሲጋመስ፣ ቋጠሮውን ሳጠብቅ፣
አንድ እርጥብ ነገር ነካኝ፣ ጣቶቼ መሃል፣ ሞቅ።
አልዞርኩም። ትንፋሼን አወጣሁ።
አፍንጫዋ ነበር።

ኒቬስ ዳቦዋን ይዛ በዚያ በኩል ስታልፍ፣
«ክርህ እኮ ታስሯል፤ ምን አጎነበሰህ?» አለችኝ በለሆሳስ፣ ሳታቋርጥ ጉዞዋን፣ ባሕሩን እያየች።

ዝም አልኩ።
ብሩማ አገጯን ጫማዬ ላይ ጥላ፣ አንቀላፍታ፣
እንዴት ልነሣ፣ ምን ብዬ፣ በማን ይሁንታ?